እሳት ሳይጨመርበት የሚቀልጥ ዓለት

በአምስተርዳም ምዕራባዊ ክፍል በኒው ዌስት፣ ማለት በኦስዶርፕ፣ በስሎተርፋርትና በአካባቢው የምትኖሩ፣ እንዲሁም በሮተርዳምና በዘሄግ ሆናችሁ ይህን ዝግጅት የምትከታተሉ ወገኖቻችን፣ ለዛሬ ያሰናዳነው ትምህርት ዓለት በቅርፊተ ምድር ውስጥ እንዴት እንደሚቀልጥና እንዴት እንደሚለወጥ የሚናገር ነው።

ስለ ዓለት ለመናገር ኒው ዌስትን መነሻ ማድረግ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ሰፈሩ የቆመው ከባሕር ወለል በታች በሚገኝ ረግረግ ላይ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤቶቹ ሲሠሩ መሬቱን ከፍ ለማድረግ የተደለደለው አሸዋ ከዚያው ከሰፈሩ መካከል ተቆፍሮ የወጣ፣ ጉድጓዱም ውሃ ሞልቶት ዛሬ የስሎተርፕላስ ሐይቅ የሚባለው ሆኖ የቀረ ነውና። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1956 ቆይቶ ከ30 ሜትር በላይ ወደ ታች ሲዘልቅ፣ ከአሸዋና ከጭቃ በቀር የአገሩ ዓለት ብቅ አላለም። በመንዝ ወይም በሰሜን ተራሮች ሥር የተወለደ ገበሬ ከእርሻው ላይ ድንጋይ ሲለቅም ዕድሜውን ይፈጃል፤ የኔዘርላንድ ሰው ግን ድንጋይን በገንዘቡ ገዝቶ ከሩቅ ያስመጣል። በአፍስላውትዳይክና በሌሎች የባሕር መከላከያ ግድቦች ዳር ቀጥ ብለው እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው የተተከሉት፣ አምስትና ስድስት ማዕዘን ያላቸው ጥቋቁር የድንጋይ ዓምዶች ባዛልት የተባለው ዓለት ሲሆኑ፣ የመጡትም ከጀርመን አገር ከራይን ወንዝ አካባቢ ነው። ማዕዘናቸውን ጠራቢ አልጠረበውም፤ ቅልጥ የነበረው ዓለት ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ በገዛ ሥርዓቱ ተሰነጣጥቆ ያወጣው መልክ ነው። እንዲህ ያለውን ዓምድ በኢትዮጵያ ደጋ ገደሎች ላይ ያዩ አድማጮች ብዙዎች እንደሚሆኑ አንጠራጠርም።

ወደ ፍሬ ነገሩ ስንገባ፣ አስቀድሞ ከመንገዳችን ላይ ልናነሣው የሚገባ አንድ የተሳሳተ አሳብ አለ። ብዙ ሰው፣ ከተማረውም ወገን ጭምር፣ ከእግራችን በታች ጥቂት ወረድ ብሎ የእሳት ባሕር የተንጣለለ፣ እኛም በዚያ ባሕር ላይ በስስ ልባጭ ተንሳፍፈን የምንኖር ይመስለዋል። ይህ አሳብ ምናልባት ስለ ገሃነመ እሳት ከሚነገረው ትምህርት ጋር ተዳብሎ ከሕፃንነታችን ጀምሮ በልባችን የተተከለ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ነፍስ ፍርድ የሚነገረው ሌላ፣ የሥነ ምድር ጠበብት የሚመረምሩት ደግሞ ሌላ ነውና፣ ሁለቱን ማደባለቅ ሃይማኖትንም ዕውቀትንም አይጠቅምም።

የእሳት ባሕር አለመኖሩ የታወቀው በመሬት መንቀጥቀጥ ምስክርነት ነው። ምድር በተናወጠች ጊዜ ከነውጡ ሥፍራ የሚነሡት ሞገዶች በምድር ሆድ ውስጥ አልፈው በሌላው ወገን ባሉ መሣሪያዎች ላይ ይመዘገባሉ፤ ከእነዚህም ሞገዶች አንደኛው ዓይነት፣ ማለት ዓለቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚሄደው፣ በፈሳሽ ውስጥ ማለፍ የማይቻለው ነው። ይኸው ሞገድ በቅርፊተ ምድርና ከእርሱ በታች ባለው ማንትል በሚባለው ክፍል ውስጥ እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ድረስ ያለ ችግር ስለሚያልፍ፣ ያ ክፍል በአብዛኛው ጽኑዕ መሆኑ ተረጋግጧል። ከ2,900 ኪሎ ሜትር በታች ያለው የልበ ምድር ውጫዊ ክፍል በእርግጥ ፈሳሽ ነው፤ ግን ፈሳሹ በአብዛኛው ብረት እንጂ ዓለት ስላልሆነ፣ ከእሳተ ገሞራ አፍ የሚወጣው ቅልጥ ዓለት ከዚያ የሚቀዳ አይደለም። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን ሲመሩት እንደ ነበርና፣ እርሳቸውም የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከጥንት ጽሑፎች ጭምር አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ እንዳሳተሙ ለዚህ ወገን ዕውቀት ፍቅር ያላቸው ያስታውሳሉ።

እንግዲህ ምድር በውስጧ ጽኑዕ ከሆነች፣ ቅልጡ ዓለት ከወዴት ይመጣል? ጥያቄው ይህ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ለማንም ሰው የሚቀለው ነው፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ግለቱ ይጨምራልና ዓለቱ በግለት ብዛት ይቀልጣል የሚል ነው። ግለቱ መጨመሩ እውነት ነው። በዘሄግ ከተማ በሌይዌግ በኩል ቤቶችን ለማሞቅ የተቆፈረው ጉድጓድ ከ2,000 ሜትር በላይ ወርዶ የሚያወጣው ውሃ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ ሙቀት አለው፤ በጠቅላላው በዚህ አገር አንድ ኪሎ ሜትር በተወረደ ቁጥር 30 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በእኛ አገር በላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ በአሉቶ ተራራ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ደግሞ ከዚያ ብዙም በማይበልጥ ጥልቀት ላይ ከ300 ዲግሪ በላይ አሳይተዋል፤ በእንፋሎቱም ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ተሞክሯል። በዘሄግ የሚኖር ወገናችን በክረምት ቤቱን የሚያሞቅበትና የላንጋኖው እንፋሎት ተርባይን የሚያዞርበት ኃይል ምንጩ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ልዩነቱ በኢትዮጵያ በኩል ትኩሱ ነገር ወደ ገጸ ምድር እጅግ የቀረበ መሆኑ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በሒሳብ ብቻ የሚሄድ ሰው በኪሎ ሜትር 30 ዲግሪ እያለ ቢቆጥር፣ በ40 ኪሎ ሜትር ላይ 1,200 ዲግሪ ያገኝና ኔዘርላንድም ከበታቿ ቀልጣለች ብሎ ይፈርድ ነበር። ፍርዱ ስሕተት ይሆናል፤ ስሕተቱም ከሁለት ወገን ነው። አንደኛ፣ ግለቱ በጥልቀት መጠን እየጨመረ ቢሄድም አጨማመሩ እየዘገየ ይሄዳል፤ ምክንያቱም በምድር ውስጥ ካለው ሙቀት ከፊሉ ከጥንተ ፍጥረት የተረፈ ሲሆን፣ ከፊሉ ደግሞ ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም በሚባሉት ንጥረ ነገሮች ጨረር የሚወለድ ነውና፣ እነዚህም በላይኛው የቅርፊተ ምድር ክፍል በዝተው ይገኛሉ። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ጭነቱ ነው። በላዩ የተከመረው ዓለት ክብደት የታችኛውን ዓለት እየተጫነ፣ እንዲቀልጥ የሚያስፈልገውን የግለት መጠን ከፍ ያደርግበታል፤ ስለዚህ ገጸ ምድር ላይ ቢሆን ኖሮ ቀልጦ ሊፈስ ይችል የነበረው ማንትል፣ በታች ባለበት ሥፍራ ከ1,300 ዲግሪ በላይ ግሎ እንኳ ጽኑዕ ሆኖ ይኖራል።

ይህን ነገር ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚህ ቤት የያዘ ሰው ሁሉ በማድ ቤቱ አይቶታል። በአዲስ አበባ፣ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ጭነት ይቀልና ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከባሕር ወለል በታች ባለው ኒው ዌስት ግን 100 ዲግሪ ካልደረሰ አይፈላም፤ ባቄላና ሽምብራም በዚህ አገር ፈጥኖ የሚበስለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው 95 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይዞ እሳት ሳይጨምርበት ከኒው ዌስት ወደ አዲስ አበባ በቅጽበት መውሰድ ቢችል፣ ውሃው እዚያው በእጁ ላይ ይፈላ ነበር። ዓለቱም ያው ነው፤ ጭነቱ ከላዩ ከተነሣለት እሳት ሳይጨመርበት ይቀልጣል።

በኢትዮጵያ ምድር የሆነውና ዛሬም የሚሆነው ይህ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ በታች ካለው ማንትል ውስጥ፣ ከአካባቢው ይልቅ የጋለ ጽኑዕ ዓለት በዓመት በሴንቲ ሜትር በሚለካ ዝግታ ወደ ላይ እየገፋ ይመጣል፤ የአረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌቶች የተባሉት ታላላቅ የምድር ገበታዎች ደግሞ እርስ በርሳቸው እየተራራቁ ቅርፊተ ምድሩን ስለሚያሳሱት፣ ከታች ለሚመጣው ዓለት መንገድ ይከፈትለታል። በደጋው ሥር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቅርፊት በሰሜናዊ አፋር ሲደርስ ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ይሆናል። የጋለው ዓለት ወደ ላይ በወጣ መጠን ጭነቱ ይቀልለታል፤ ጭነቱም በቀለለ ጊዜ መቅለጥ ይጀምራል። ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይቀልጥም። ዓለት የልዩ ልዩ ማዕድናት ማኅበር ስለሆነና እያንዳንዱ ማዕድን የመቅለጫው ግለት ስለሚለያይ፣ ከመቶው ጥቂቱ እጅ ብቻ ቀልጦ በማዕድናቱ መካከል ባሉ ጠባብ ቀዳዳዎች እየተንጠባጠበ ይሰበሰባል፤ ከቀረው ጽኑዕ ይልቅ ቀላል ስለሆነም ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ጥቂት እጅ ነው ባዛልት የሚሆነው።

ጥቂት ስንል ግን ከጠቅላላው ማንትል አንጻር ነው እንጂ ለሰው ዓይን ጥቂት አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በኢትዮጵያና በየመን ላይ የፈሰሰው ባዛልት፣ ብዙው እጅ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ወጥቶ፣ በአንዳንድ ሥፍራ 2,000 ሜትር ያህል ውፍረት አበጅቷል። ከዚያም በኋላ የሰሜን፣ የጮቄና የጉና ተራሮች በየዘመናቸው በዚያ ላይ ተነሡ። በአንጻሩ ከሃርሊንገን ወጣ ብሎ በዋደን ባሕር ወለል ሥር፣ በ2,000 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ዛውድቫል የተባለ የጠፋ እሳተ ገሞራ ተቀብሮ ይገኛል፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1970 ለጋዝ ፍለጋ ሲቆፈር በአጋጣሚ የተገኘ ሲሆን፣ ዕድሜው ከ140 ሚሊዮን ዓመታት ያልፋል። ኔዘርላንድም በዘመኗ ቅልጥ ዓለት አይታለች ማለት ነው።

ከጭነቱ መቅለል ቀጥሎ ሁለተኛው የመቅለጥ ምክንያት ውሃ ነው፤ ይህም ለጆሮ እንግዳ ይመስላል። የቀድሞ መምህሮቻችን ስለ አራቱ ባሕርያት ሲያስተምሩ፣ ውሃን በቁረትና በርጥበት፣ እሳትን በውዕየትና በይብሰት እየገለጹ ሁለቱን ተቃራኒ አድርገው ያቀርቡ ነበር። በገጸ ምድርም ውሃ እሳትን ያጠፋል። በጥልቁ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃ በጭነት ኃይል ወደ ማዕድናቱ ጠልቆ በገባ ጊዜ አገጣጠማቸውን ያላላዋልና፣ በይብሰት ቢሆን ወደ 1,000 ዲግሪ የሚጠጋ ግለት ይፈልግ የነበረው የግራናይት ዓለት በርጥበት ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ባለው ላይ መቅለጥ ይጀምራል።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑት የውቅያኖስ ወለል በሌላ ፕሌት ሥር የሚሰምጥባቸው አገሮች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዷ ለዚህ አገር ታሪክ ቅርብ የሆነችው ኢንዶኔዥያ ናት። ለረጅም ዘመን በባሕር ውስጥ የኖረው ዓለት በማዕድናቱ ውስጥ የታሠረ ውሃ ይዞ ይሰምጣል፤ ጥልቁ ሲያግለው ውሃውን ይለቅቃል፤ ውሃውም በላይ ወዳለው ትኩስ ማንትል ሲወጣ ያቀልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1883፣ ያች ምድር በኔዘርላንድ መንግሥት እጅ በነበረችበት ዘመን፣ የክራካታው ተራራ ፈንድቶ በአብዛኛው በማዕበሉ ከ36,000 በላይ ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ የደቹ የማዕድን መሐንዲስ ሮኺር ፈርቤክ ወደ ሥፍራው ሄዶ መርምሮ የጻፈው ዘገባ በሥነ ምድር ታሪክ ከታላላቆቹ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ርጥብ ቅልጥ ዓለት ፍንዳታ ያበዛል፤ በውስጡ የታሠረው ውሃ ወደ ላይ ሲደርስና ጭነቱ ሲቀልለት እንፋሎት ሆኖ ይበትነዋልና። የኤርታ አሌ ባዛልት ግን ውሃው ጥቂት ስለሆነ ጸጥ ብሎ ይፈስሳል፤ የአፋር ሰዎችና የሩቅ አገር ጎብኚዎች ቀርበው የሚያዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የጎረቤት ግለት ነው። ከ1,100 ዲግሪ በላይ የጋለ ባዛልት ወደ ቅርፊተ ምድር ገብቶ ሳይወጣ በዚያው ሲቀር፣ ዙሪያውን ያለውንና ከእርሱ ያነሰ የመቅለጫ ግለት ያለውን ዓለት ከፊሉን ያቀልጠዋል። ባዛልቱም ራሱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ አስቀድመው የሚረጉት ማዕድናት ከፈሳሹ ይለያሉ፤ የቀረው ፈሳሽ ሲሊካ በተባለው ውሁድ እየበለጸገ፣ እየወፈረ፣ ባሕርዩም እየተለወጠ ይሄዳል። ይህን ሥርዓት በላቦራቶሪ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ካናዳዊው ኖርማን ቦወን ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኙት አሉቶ፣ ኮርቤቲና ፈንታሌ ሲሊካ የበዛበትን ዓለት ያወጡት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ መቀዝቀዝ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ያው አንድ ቅልጥ ዓለት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ማዕድናቱ ለመሰብሰብ ጊዜ ያጡና መስታወት ይሆናል፤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግን ክሪስታሎች ያበጅና በዓይን የሚታይ ቅንጣት ያለው ዓለት ይሆናል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በመልካ ቁንጥሬ አጠገብ በባልጪት የሚገኘው ጥቁር ባልጩት የፈጣን ቅዝቃዜ ልጅ ነው፤ የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ስለቱን ለመሣሪያ ሲጠቀሙበት የኖሩትና፣ ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባውም ከዚህ የተነሣ ነው። የአክሱም ሐውልቶች የተጠረቡበት፣ ከከተማው በስተምዕራብ በጎቦ ድራ ኮረብታ የሚገኘው ዓለት ደግሞ በምድር ውስጥ ሆኖ በዝግታ የረጋ ነው። ወድቆ የተሰበረው ታላቁ ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ኖሮት ከአንድ ወጥ ድንጋይ ሊወጣ የቻለው፣ ዓለቱ ሳይሰነጣጠቅ በእርጋታ ስለ ቀዘቀዘ ጭምር ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

እስካሁን የተናገርነው ስለሚቀልጠው ነው። አብዛኛው ዓለት ግን ሳይቀልጥ ይለወጣል፤ ይህም በእኛ አስተያየት ከመቅለጡ ይልቅ የሚደንቅ ነው፤ ጽኑዕ እንደ ሆነ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ፈርሰው በሌላ ሥርዓት ስለሚሠሩ።

የኖራ ድንጋይን እንውሰድ። በሙገር የሲሚንቶ ፋብሪካ ይህ ድንጋይ በምድጃ ሲቃጠል የካርቦን ጋዙን ወደ አየር ይለቅቅና ኖራ ይሆናል። እንግዲህ በምድር ውስጥ የሚገኘው ግለት የኖራ ድንጋይን የሚነካው ከሆነ፣ ከታች የሚወጣው ሁሉ ኖራ ሊሆን ሲገባው ስለ ምን እብነ በረድ ሆነ? ይህን ጥያቄ የመለሰው የስኮትላንዱ ሰር ጄምስ ሆል ነው። ወዳጁና መምህሩ የነበረው ጄምስ ሃተን፣ የምድርን ታላቅ ሥራ በትንሽ ምድጃ መስሎ ማሳየት ከንቱ ነው የሚል አሳብ ስለ ነበረው፣ ሆል አሳቡን ላለመጻረር ሃተን እ.ኤ.አ. በ1797 እስኪሞት ድረስ ሙከራውን አቆየ፤ መምህሩ እያለ አፉን የማይከፍት የቅኔ ተማሪ ያየ አድማጭ ይህን ትሕትና ሳይረዳው አይቀርም። ከዚያም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ከትቶ፣ ጋዙ እንዳይወጣ አፉን አጥብቆ ደፍኖ፣ በብርቱ እሳት አጋለው። ብዙዎቹ አፈሙዞች ፈነዱበት። ያልፈነዱት ሲከፈቱ ግን ዱቄቱ ኖራ በመሆን ፈንታ እብነ በረድን ወደ መሰለ፣ ክሪስታሉ የሚያብለጨልጭ ጠንካራ ድንጋይ ተለውጦ ተገኘ። ጋዙ መውጫ ባጣ ጊዜ ማዕድኑ ሳይፈርስ ቅንጣቱ ብቻ እየገዘፈ እንደ አዲስ ይያያዛል ማለት ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የዳለቲ እብነ በረድ የተገኘው እንዲህ ባለው ሥርዓት ነው፤ የዚያን ጊዜው አፈሙዝ ቅርፊተ ምድር ራሱ ነበር።

የሸክላ ጭቃም የራሱ ጎዳና አለው። ሲቀበርና ሲግል መጀመሪያ በቅጠል በቅጠሉ የሚሰነጠቅ ስሌት ይሆናል፤ ግለቱና ግፊቱ ሲበረታ ሚካ የተባለው ማዕድን እያደገ የሚያብረቀርቅ ሺስት ይሆናል፤ በውስጡም ቀያይ የጋርኔት ፍሬዎች ይበቅላሉ፤ ከዚያም ነጩና ጥቁሩ እየተለየ የተሸነሸነ ናይስ ይሆናል። በትግራይ የዚህ ለውጥ ዝቅተኛው ደረጃ፣ በቦረና፣ በኮንሶና በሐመር ምድር ደግሞ ከፍተኛው ደረጃ ይገኛል። እነዚህ ዓለቶች ከ500 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ያሉ ናቸው፤ የጥንት አህጉራት ተጋጭተው ታላቅ ተራራ ባነሡ ጊዜ ከሥሩ ሆነው የጋሉ ነበሩ፤ ተራራው በዘመናት ዝናብ ታጥቦ ካለቀ በኋላ ሥሩ ወጥቶ የሚታየው እኛ ዛሬ የምንረግጠው ነው። በደቡቡ ክፍል አንዳንድ ናይስ መካከል ሮዝማና ነጫጭ ጅማቶች እየተጠማዘዙ ይታያሉ፤ እነርሱ ዓለቱ መቅለጥ ጀምሮ ሳይጨርስ የረጋባቸው ሥፍራዎች ናቸው። መለወጥ የሚያበቃበትንና መቅለጥ የሚጀምርበትን ድንበር በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው በአንዲት የእጅ ስፋት በምታህል ድንጋይ ላይ ያገኘዋል። የሻኪሶ ወርቅና ለስልኮቻችን ዕቃ የሚፈለገው የቀንጢቻ ታንታለም እንኳ ከዚያው ከጥንቱ ግለት ከተለዩ ትኩስ ፈሳሾች የረጉ ናቸው።

መለወጥ በጥቂት ክንድ ስፋትም ይሆናል። በኢትዮጵያ ደጋ ገደሎች በሁለት የባዛልት ንጣፎች መካከል ቀይ መስመር ተዘርግቶ ይታያል። ያ መስመር ጥንት አፈር ነበረ፤ የታችኛው ባዛልት ከረጋ በኋላ ዝናብ ወርዶበት፣ ሣር በቅሎበት ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ፣ ሌላ ቅልጥ ዓለት መጥቶ ሲደፋበት በግለቱ ተጠብሶ ቀልቶ ቀረ። ወደ ጎጃም ሲሄዱ የጎሃ ጽዮንን ቁልቁለት የሚወርዱ አድማጮቻችን በላይኛው የባዛልት ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለውን ቀይ መስመር ቢፈልጉ፣ ከዚያም ወደ ታች ሲወርዱ የአሸዋ ድንጋዩንና የኖራ ድንጋዩን ንጣፍ ተራ በተራ ቢመለከቱ፣ ከመጽሐፍ ሊማሩት የሚችሉትን ያህል ከመኪና መስኮት ይማራሉ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2005 በአፋር በዳባሁ አካባቢ ቅልጥ ዓለት በምድር ውስጥ ስንጥቅ ከፍቶ ገባ፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከሁሉ በሰፋበትም ሥፍራ 8 ሜትር ስፋት ነበረው፤ ሥራውም በሁለት ሳምንት ገደማ ተፈጸመ። በዚያው መካከል መስከረም 16 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ በከተሞች ሁሉ ደመራ በሚደመርበት ዕለት፣ ዳዑሬ በተባለው ሥፍራ 500 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ስንጥቅ አመድ ተተፋ። ልብ በሉ፤ ወደ ገጸ ምድር የወጣው ከጠቅላላው እጅግ ጥቂቱ ሲሆን፣ ሌላው በጥልቁ ቀርቶ አዲስ ዓለት ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል እንዲሁ ቅልጥ ዓለት በስንጥቅ ገብቶ ምድሪቱን ለወራት ሲያናውጥ ቆየ፤ የካቲት 7 ቀን የደረሰው መንቀጥቀጥ በመለኪያው 6 ነጥብ 0 ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፤ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በኤርታ አሌ ሰንሰለት ያለው ሃይሊ ጉቢ በድንገት ፈንድቶ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ሰማይ ደረሰ።

በእነዚያ ቀናት በዚህ አገር ያሉ ወገኖቻችን ምን ያህል እንደ ተጨነቁ እናውቃለን። በየስልኩ የሚተላለፈው ወሬ አዲስ አበባ ልትሰምጥ ነው፣ ኢትዮጵያ በዚህ ዓመት ለሁለት ትከፈላለች የሚል ነበር። አፋር ወደፊት ውቅያኖስ ይሆናል የሚለው አሳብ የተማሩ ሰዎች ይናገሩታል፤ ግን የሚቆጠረው በሚሊዮን ዓመታት ነው እንጂ በዚህ ትውልድ ዕድሜ አይደለም። መሬት የምትናወጥበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዓለም ላይ የለም፤ አውቃለሁ የሚል ቢኖር አትስሙት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአባ ጉዋንን ጣቢያ የወረሰው የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ተቋም መሣሪያዎቹን ተክሎ ይከታተላል፤ ለሕዝብም ይናገራል። ስለዚህ ወሬ በመጣ ጊዜ ወደ አገር ቤት ደውላችሁ ዘመድ ከማስደንገጣችሁ በፊት ተቋሙ ያለውን ስሙ፤ ከተፈናቀሉት ወገን የሆነ ካላችሁም፣ የሚያስፈልገው ከወሬው ይልቅ ድንኳንና እህል ነውና በዚያ በኩል እርዱት።